የጠረፍ ሠፋሪዎችን ፊልም ለቤተሰብ ለመምረጥ፦ ስድስት ፊልሞች ጎን ለጎን

አሜሪካ የሚያድጉ ልጆች አንደኛ ደረጃን ሳይጨርሱ ሠፋሪዎች ወደ አገሪቱ ምዕራብ ስላደረጉት ጉዞ ይማራሉ፤ ሸራ ስለለበሰው ጋሪ፣ ስለ ኦሪገን መንገድ፣ ሜዳ መሐል ስለሚሠራው የእንጨት ቤት። ብዙም ሳይቆይ «በዚህ ጉዳይ የሚታይ ጥሩ ፊልም የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ወላጅ ዘንድ ይደርሳል። ወላጅም በሁለት የሚጣሉ ምክሮች መካከል ይቆማል። አንዱ መካሪ «የድሮዎቹን አሳዩአቸው፤ ሽማግሌ ይከበርባቸዋል፣ ጸሎት አለባቸው፣ ራቁትነትና ስድብ የለባቸውም» ይላል። ሌላው ደግሞ «የድሮዎቹ የአገሬውን ሰው እንደ አውሬ ነው የሚያሳዩት፤ ከአዲሶቹ ምረጡ» ይላል።

ሁለቱም ፊልሙን የሚመዝኑት በተሠራበት ዓመት ነው። ዓመት ግን መጥፎ መመዘኛ ነው። ከዚህ በታች ከቀረቡት ስድስት ፊልሞች ውስጥ ለእንግዳ ሰው ፍትሕ የሚያደርግ ሽማግሌ ያየሁት በ1950 በተሠራው በጥቁርና ነጩ ፊልም ነው። በብዙዎች ዘንድ «ፍትሐዊው» እየተባለ የሚጠቀሰው የ1990ው ፊልም ደግሞ የራሱ ጉድለት አለበት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መመዘኛ እሴቱ ዋጋ ያስከፍላል ወይ የሚለው ነው። ቤተሰብን፣ ሃይማኖትን፣ ታታሪነትን የማያወድስ የሠፋሪዎች ፊልም አይገኝም። ማዕድ ላይ የሚደረግ ጸሎት ብቻውን ጌጥ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ለሚያምንበት ነገር ሲል የሚያጣው ነገር ካለ ግን ልጅ ሳይነገረው ይገባዋል።

ሁለተኛው የነባሩ ሕዝብ ሰው ስም፣ ቋንቋና የራሱ ፍላጎት አለው ወይ የሚለው ነው፤ ማን እንደ ተወነውም መታየት አለበት። ሦስተኛው መሬቱን ይመለከታል። በ1862 የወጣው የሠፈራ ሕግ ለአንድ ቤተሰብ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ፣ አምስት ዓመት ኖሮበት ካለማው በነጻ ሊሰጠው ይፈቅዳል። ያ መሬት ከዚያ በፊት የማን ነበር? ፊልሙ ይህን ይጠይቃል ወይስ ባዶ አድርጎ ያሳየናል? «አገር ማቅናት» ከሁለት ወገን በሁለት ዓይነት ከሚተረክበት አገር የመጣን ስለሆንን ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

አራተኛው የሴቶቹ ሥራና ድምፅ ነው። አምስተኛው የኑሮ ጉዳይ ነው፤ ርዝመቱ፣ የደም መፋሰሱ መጠን፣ እንግሊዝኛ የማይከተሉ አያት አብረው ማየት መቻላቸው።

ፊልም ከመከራየት በፊት አንድ የታሪክ ቁጥር መያዝ ይጠቅማል። ታሪክ ጸሐፊው ጆን አንሩ ከ1840 እስከ 1860 ባለው ጊዜ በየብስ መንገዶቹ ላይ የተገደሉትን ቆጥሮ ነበር። በነባር ሕዝቦች እጅ የተገደሉት ተጓዦች 362፣ በተጓዦች እጅ የተገደሉት ነባሮች ደግሞ 426 መሆናቸውን ገምቷል። በብዛት የገደለው ኮሌራና የመንገድ አደጋ ነበር። በየሩብ ሰዓቱ ፈረሰኛ እየጮኸ የሚወርድበት ፊልም ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱ።

ዋገን ማስተር (1950)

የጆን ፎርድ ሥራ ነው፤ 86 ደቂቃ ብቻ። የሞርሞን ሃይማኖት ተከታዮች በዩታ በረሃ አቋርጠው አዲስ መንደር ለመመሥረት ይጓዛሉ፤ ሁለት ወጣት የፈረስ ነጋዴዎች መንገድ ይመሯቸዋል። መሪያቸው ሽማግሌ ዊግስ የሚሳደብ አፍ ያለው ሰው ነው። ሊሳደብ ሲል ቃሉን እየቀጨ አፉን ይይዛል፤ ልጆች ይህን በጣም ይወዱታል።

እሴቱ ሁለት ጊዜ ይፈተናል። መጀመሪያ ውኃ አልቆባቸው በረሃ ላይ የቀሩ የትርዒት ሰዎች ያጋጥሟቸዋል። ሴቲቱ በሞርሞኖቹ ዓይን «የማትሆን» ናት፣ ሰውየው የሐሰት መድኃኒት ሻጭ ነው። ማኅበሩ ያጉረመርማል፤ በመጨረሻ ይዘዋቸው ይሄዳሉ። ሁለተኛው ፈተና ከባድ ነው። ሠፋሪዎቹ ከአካባቢው ነባር ሕዝብ ከናቫሆዎች ጋር በሰላም ተገናኝተው፣ እሳት ዙሪያ አብረው እየጨፈሩ ሳለ፣ በጉዞው ላይ በግድ ከተጠጉት ወንበዴዎች አንዱ በናቫሆ ሴት ላይ ጥቃት ይፈጽማል። ሽማግሌው ሰውየው ከጋሪ ጎማ ጋር ታስሮ በናቫሆዎቹ ፊት እንዲገረፍ ያዝዛል። ፍርዱ ውስጥ ፍትሕም ፍርሃትም አለበት፤ ካልተቀጣ ሁሉም እንደሚያልቁ ያውቃል። ሆኖም ወንበዴዎቹ መሣሪያ የያዙ ናቸውና ቂማቸው ለእሱ እንደሚተርፍ እያወቀ ነው ያደረገው።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። የተጠቃችው ሴት ስም የላትም፣ የደረሰባትን በራሷ ቃል ስትናገር አንሰማም፤ የተወነችውም ናቫሆ አይደለችም። ናቫሆዎቹ ግን እዚህ የራሳቸው አስተያየት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሞርሞኖች እንደ ሌሎቹ ነጮች ትልቅ ሌባ ሳይሆኑ ትንሽ ሌባ መሆናቸውን ሲናገሩ ቀልዱ የነሱ ነው።

ዘ ሰርቸርስ (1956)

ይኸው ዳይሬክተር ከስድስት ዓመት በኋላ ፍጹም የተለየ ፊልም ሠራ። በ1868 ቴክሳስ ውስጥ ካማንቺ የሚባለው ነባር ሕዝብ ተዋጊዎች አንድ ቤተሰብ ፈጅተው ትንሿን ልጅ ይወስዳሉ፤ አጎቷ ኢታን፣ ጆን ዌይን ነው፣ ለዓመታት ይፈልጋታል። በ2008 የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ከካውቦይ ፊልሞች ሁሉ አንደኛ ብሎታል። በዓይን ሲታይ ከስድስቱ የሚወዳደረው የለም።

«ቤተሰብ የሚከበርበት» ተብሎ ሲመከር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ኢታን ሕይወቱን ለዘመዱ የሰጠ ሰው ነው፤ መሐል ላይ ግን ልጅቷ ከካማንቺ ጋር አድጋለችና ሊያድናት ሳይሆን ሊገድላት እንደሚፈልግ እናውቃለን። የዘመድ ፍቅሩና ጥላቻው አንድ ላይ ተገምደዋል። የሞተ የካማንቺ ተዋጊ ዓይን ላይ ይተኩሳል፤ ነፍሱ ማረፊያ አጥታ እንድትንከራተት ነው። ይህን የሚያደርገው የካማንቺን እምነት ስለማያውቅ አይደለም፤ አጥብቆ ስለሚያውቅ ነው። ጥላቻ ሁልጊዜ ካለማወቅ እንደማይመጣ እንዲህ በአጭሩ ያሳየ ትዕይንት አላየሁም።

ፊልሙ የኢታንን ዘረኝነት ይመረምራል፤ ራሱ ግን ከዚያው አልጸዳም። አለቃው ስካር የሚጫወተው በርሊን የተወለደ ነጭ ተዋናይ ነው። ካማንቺ ሆነው የቀረቡት አጃቢዎች ናቫሆዎች ናቸው፤ ቴክሳስ የተባለውም የዩታና የአሪዞና ድንበር ነው። ከኢታን ጋር አብሮ ለሚፈልገው ወጣት ለማርቲን ሳያውቅ ሚስት የሆነችው የነባር ሕዝብ ሴት ለሳቅ ማምጫ ትውላለች፤ በእግር ተገፍታ ከተዳፋት ስትንከባለል ተመልካች እንዲስቅ ይጠበቃል። ከዚህ በኋላ ወታደሮች እንደገደሏት ስናይ ፊልሙ ራሱ ያፈረ ይመስላል። ስለዚህ ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ከሆኑ ልጆች ጋር፣ እያቆሙ እየተነጋገሩ ለሚያዩ ነው። ለእሑድ ከሰዓት መዝናኛ አይሆንም።

በክ ኤንድ ዘ ፕሪቸር (1972)

ጥቁር ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ ይህን አትዝለሉ። ከአራት ካውቦዮች አንዱ ገደማ ጥቁር እንደነበር ይገመታል፤ በፊልም ታሪክ ግን የሉም ማለት ይቻላል። ካንሳስ ውስጥ ያለችው ኒኮዲመስ በ1877 ከባርነት ነጻ በወጡ ሰዎች የተመሠረተች ከተማ ናት፤ በ1879 ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ከደቡብ ወደ ካንሳስ ፈልሰዋል። ሲድኒ ፖይቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘጋጀው ይህ ፊልም የእነዚህን ሰዎች ዓለም ያሳያል። የእርሻ ባለቤቶች ነጻ የወጡት ሠራተኞች እንዳያመልጡ ሽፍቶች ቀጥረው ጋሪያቸውን ያስቃጥላሉ፣ እህላቸውን ያስደፋሉ፤ በክ መንገድ ይመራቸዋል።

ሃሪ ቤላፎንቴ የሚጫወተው «ሰባኪ» መጽሐፍ ቅዱሱን ቦርቡሮ ሽጉጥ የሸሸገበት አጭበርባሪ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይህ ሊከብድ ይችላል። የሠፋሪዎቹ ገንዘብ ሲዘረፍም ጀግኖቹ ባንክ ይዘርፋሉ። ስለዚህ «ንጹሕ» ፊልም አይደለም። እሴቱ የሚገኘው ከሕግ ውጭ የተጣለ ማኅበረሰብ እርስ በርሱ በሚያደርገው መያያዝ ላይ ነው።

ለእኔ የፊልሙ እምብርት ድርድሩ ነው። በክ በነባሮቹ መሬት ለማለፍ ከአለቃው ጋር ይደራደራል፤ ክፍያ አለ፣ ገደብ አለ። መሬቱ ባለቤት አለው ማለት ነው፤ ሠፋሪው ይህን አውቆ ይከፍላል። በኋላ ጠመንጃ ሲለምን አለቃው እምቢ ይላል፤ ለራሱ ጦርነት ያስፈልገዋል፣ በዚያ ላይ በክ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሆኖ ነባሮቹን የወጋ ሰው መሆኑ አልተረሳም። የተበደለ ሰው ሌላውን የተበደለ ሲበድል የነበረውን ታሪክ አለመደበቁ ፊልሙን ከብዙ የዘመኑ ፊልሞች ያስቀድመዋል። ሩቢ ዲ የተወነቻት የበክ ሚስት ደግሞ ይህ ምድር እንደ ተመረዘ ታምናለች፤ ወደ ካናዳ መሄድ ነው የምትፈልገው። ሁሉም ወደ ምዕራብ ሲያይ እሷ ወደ ሰሜን ታያለች። ነባሮቹን የተወኑት ግን አብዛኞቹ የነባር ሕዝብ ሰዎች አይደሉም፤ አለቃው ሜክሲኳዊ ተዋናይ ነው።

ዘ ኢሚግራንትስ (1971) እና ዘ ኒው ላንድ (1972)

ሁለቱን እንደ አንድ እቆጥራቸዋለሁ፤ በስዊዲናዊው ያን ትሮል የተሠሩ፣ እያንዳንዳቸው ከሦስት ሰዓት በላይ የሆኑ ፊልሞች ናቸው። ከስሞላንድ ድንጋያማ መሬት ተነሥቶ ሚኒሶታ የሚደርስ የገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው በስዊድንኛ የሚነገር ሆኖ ሳለ ለምርጥ ፊልም ኦስካር ታጭቷል፤ ይህ በዚያን ዘመን ብርቅ ነበር።

ከስደተኛ ቤት ለሚያይ ሰው ከስድስቱ የሚቀርበው ይህ ነው። ሰዎቹ ለምን ሄዱ የሚለውን ለማሳየት ፊልሙ አይቸኩልም። መሬቱ ድንጋይ ነው፣ ዕዳው አይከፈልም፤ የእናትየው የክርስቲና አጎት ዳንኤል በቤቱ ሰው ሰብስቦ ወንጌል ስላነበበ ቄሱ ያሳድዱታል። ከዚያ ራብ ይመጣል። ትልቋ ልጅ አና ተርባ ጥሬውን የገብስ ገንፎ በድብቅ ትበላለች፤ ሆዷ ውስጥ አብጦ ይገድላታል። እናትየው ከዚህ በኋላ ነው ለመሄድ እሺ የምትለው። ማክስ ቮን ሲዶና ሊቭ ኡልማን ብዙ አይናገሩም፤ አካፋ ሲይዙ፣ እንጨት ሲሸከሙ ድካማቸው ይታያል። ሥራ እንዲህ በቀስታና በክብር የታየበት የሠፈራ ፊልም አላውቅም።

ክርስቲና እንግሊዝኛ አትለምድም፤ የአገሯ ናፍቆት እስከ ሞቷ አይለቃትም። ባሏ ካርል ኦስካር ግን ወደ ኋላ አያይም። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ እዚያ ሌላው እዚህ ሆኖ የሚኖርበትን ትዳር የሚያውቅ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ ላይ ካርል ኦስካር ሐይቅ ዳር ያለ ጥቁር ለም አፈር አግኝቶ የዛፍ ልጥ ልጦ ስሙን ይቀርጽበታል። በደስታው ደስ ይለናል። ሁለተኛው ፊልም ሲመጣ ዛፉ በነባሮቹ በዳኮታዎች ምድር እንደበቀለ እንረዳለን። በ1862 በውል የተገባላቸው ክፍያ ዘግይቶ የተራቡት ዳኮታዎች ተነሡ፤ ብዙ ሠፋሪ ተገደለ፤ በመጨረሻ በታኅሣሥ 26 ማንካቶ ውስጥ 38 የዳኮታ ሰዎች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የጅምላ ስቅላት ነው። ፊልሙ ጭፍጨፋውንም ስቅላቱንም ያሳያል፤ በተለይ አንዱ የግድያ ትዕይንት እጅግ የሚሰቀጥጥ ነው። ዳኮታዎቹን በቅርበት እንደ ግለሰብ አናውቃቸውም፤ ይህ ጉድለቱ ነው። ራባቸውን ግን እናያለን፤ የአናን ራብ ያየ ተመልካች ሁለቱን ራቦች ማገናኘት አያቅተውም።

ዳንስስ ዊዝ ዉልቭስ (1990)

181 ደቂቃ፣ ሰባት ኦስካር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን አንድ የሰሜን ጦር መኮንን በዳኮታ ሜዳ ብቻውን ቀርቶ ላኮታ ከሚባለው ነባር ሕዝብ ጋር ይወዳጃል። ትልቁ ውለታው ቋንቋው ነው። የፊልሙ ሰፊ ክፍል በላኮታ ቋንቋ ይነገራል፤ ያስተማረችውም ዶሪስ ሊደር ቻርጅ የተባለች የላኮታ መምህርት ናት፣ ራሷም ትተውንበታለች። ነባሮቹን የተወኑት የነባር ሕዝብ ተዋንያን ናቸው፤ የኦናይዳ ተወላጁ ግራሃም ግሪን ለኦስካር ታጭቷል። ሰዎቹ ይቀልዳሉ፣ ይከራከራሉ፣ ሚስቶች ባሎቻቸውን ይገሥጻሉ።

ሆኖም ታሪኩ የሚታየው በነጭ ዓይን ነው። ጀግናው ላኮታዎቹን ሊረዳ ይመጣል፣ የሚያገባውም በመካከላቸው ያደገች ነጭ ሴት ናት። ክፋት ደግሞ ጠፍቶ አልጠፋም፤ ፖኒ ወደሚባለው ሌላ ነባር ሕዝብ ተዛውሯል፤ እነሱ እንደ ድሮዎቹ ፊልሞች ጨካኝ ብቻ ሆነው ቀርተዋል። ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጥንቃቄ እንዲደረግ የሚያሳስብ ደረጃ ተሰጥቶታል። ደግ ፊልም ነው፤ ትንሽ ራሱን የሚወድ።

ሚክስ ከቶፍ (2010)

በ1845 ስቲቨን ሚክ የተባለ መንገድ መሪ ብዙ ተጓዦችን አቋራጭ አውቃለሁ ብሎ በምሥራቅ ኦሪገን በረሃ አሳስቷቸው ነበር። ዳይሬክተር ኬሊ ራይካርት ታሪኩን ወደ ሦስት ቤተሰብ አሳንሳዋለች። ወንዶቹ ሲመክሩ ካሜራው ከሴቶቹ ጋር ይቀራል፤ ንግግሩ በግማሽ ይሰማል። ሠፋሪዎቹ የያዙት የነባር ሕዝብ ሰው ሲናገር ትርጉም አይጻፍም፤ ተመልካቹም እንደነሱ ግራ ይጋባል። ከሴቶቹ አንዷ ኤሚሊ የተቀደደ ጫማውን ትሰፋለታለች፤ በደግነት ብቻ አይደለም፣ ውለታ እንዲኖርበት ብላ ነው። ተኩስ ለሚጠብቅ ሰው ያሰለቻል። መጨረሻውም አይዘጋም፤ ታዳጊዎች ይናደዳሉ።

በአንድ እይታ

| ፊልም | ርዝመት | እሴቱ የሚፈተነው | የነባር ሕዝብ ውክልና | መሬቱ | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ዋገን ማስተር | 86 ደቂቃ | ለእንግዳ ፍትሕ በማድረግ | አክባሪ፣ ግን ስም አልባ | ጥያቄው ቀለል ብሎ ያልፋል | ለመላው ቤተሰብ |
| ዘ ሰርቸርስ | 2 ሰዓት ገደማ | በዘመድ ፍቅርና በጥላቻ | ደካማ | አይጠየቅም | ከ14 ዓመት በላይ |
| በክ ኤንድ ዘ ፕሪቸር | 1 ሰዓት ከ40 ገደማ | በማኅበረሰብ መያያዝ | ሐሳቡ ጠንካራ፣ ተዋንያኑ ሌሎች | በድርድር ይታለፋል | ከ12 ዓመት በላይ |
| ዘ ኢሚግራንትስ፣ ዘ ኒው ላንድ | እያንዳንዱ ከ3 ሰዓት በላይ | በሥራ፣ በትዳር፣ በእምነት | ከሩቅ የሚታይ | በግልጽ ይጠየቃል | ለአዋቂዎች |
| ዳንስስ ዊዝ ዉልቭስ | 181 ደቂቃ | በወዳጅነት | በቋንቋና በተዋንያን ምርጥ | ይጠየቃል | ከ13 ዓመት በላይ |
| ሚክስ ከቶፍ | 104 ደቂቃ | በመተማመን | ሰውየው እንቆቅልሽ ሆኖ | ሰውየው ያውቀዋል፣ እነሱ አያውቁትም | ትዕግሥት ላለው |

«ሊትል ሃውስ ኦን ዘ ፕሬሪ»ን ያልጨመርኩት ከ1974 እስከ 1983 የታየ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ስለሆነ ነው። ስለ ባህላዊ እሴት ሲወራ መጀመሪያ የሚጠቀሰው እሱ ነው፤ መልካም ጎኑም ብዙ ነው። ድራማው የተመሠረተባቸውን መጽሐፎች ለልጆቻችሁ ልትገዙ ካሰባችሁ ግን በነባር ሕዝቦችና በጥቁሮች አገላለጻቸው ምክንያት በ2018 በደራሲዋ ስም ይሰጥ የነበረው የሕጻናት መጽሐፍ ሽልማት ስሙ መቀየሩን እወቁ። ባለ ብዙ ኮከቡን «ሃው ዘ ዌስት ዎዝ ወን» (1962) ደግሞ ሆን ብዬ ተውኩት፤ የአራት ትውልድ ታሪክ በሦስት ዳይሬክተሮች ተሠርቶ ዓይን ይሞላል እንጂ ከላይ ለጠየቅናቸው ጥያቄዎች መልስ የለውም።

ለእናንተ የሚስማማው

ትንንሽ ልጆችና እንግሊዝኛ የማይከተሉ አያት በአንድ ክፍል ውስጥ ካሉ ዋገን ማስተር ይበቃል። አጭር ነው፣ ዘፈን አለው፣ ታሪኩ በዓይን ብቻ ይገባል። ከግርፋቱ ትዕይንት በፊት ለትንንሾቹ ምን እንደተፈጠረ በዕድሜያቸው ልክ ንገሯቸው፤ ፊልሙ ራሱ ብዙ ስለማያብራራ ጥያቄው ወደ እናንተ ይመጣል።

ለትምህርት ቤት ሥራ ከሆነ አንድ ፊልም ብቻ አትስጡ። ዘ ሰርቸርስና በክ ኤንድ ዘ ፕሪቸር በተከታታይ ምሽት ቢታዩ ተማሪው ለማወዳደሪያ የሚሆን ነገር ሞልቶለታል፤ ሁለቱም ከአለቃ ጋር የመነጋገር ትዕይንት አላቸው፣ ልዩነቱ ግን ሰማይና ምድር ነው። ጊዜ የሌለው ተማሪ ሁለቱን የድርድር ትዕይንቶች ብቻ ቢያይ እንኳ ጽሑፍ ይወጣዋል።

የማኅበር ወይም የቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ምሽት ለሚያዘጋጁ ዳንስስ ዊዝ ዉልቭስ ሰው ያስቀምጣል፤ ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚሄድ ውይይት የሚባለው ነገር አይደረስበትም። ውይይት ከፈለጋችሁ ሁለት ምሽት ላይ ክፈሉት። ለጥንድ ወይም በመጻሕፍት ክበብ ለሚገናኙ አዋቂዎች ሚክስ ከቶፍ ይሻላል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የአካባቢያችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ በአሜሪካ ብዙዎቹ ፊልም በነጻ ያውሳሉ፣ የሌላቸውን ከሌላ ቅርንጫፍ ያስመጣሉ። የስዊድኖቹን ሁለት ፊልሞች ለመግዛት ከወሰናችሁ ጽሑፍ ትርጉሙ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አረጋግጡ። ልጆች ከእናንተ ጋር የሚያዩ ከሆነም የመጀመሪያውን ብቻ፣ ያውም የገብሱ ገንፎ ትዕይንት ከመድረሱ በፊት ትንንሾቹን አስተኝታችሁ።